ነፋሱ ባሕሩን ሳይዘጋው

ይድረስ ለምሳሳልሽ ታላቅ እኅቴ፣ ለእትዬ።

ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ጋሼስ ያ ሳላቸው ለቀቃቸው ወይስ ዛሬም መድኃኒቱን ትራስ ሥር እየደበቁ ጠጣሁ ይሉሻል? የእማዬ እግር እብጠቱ ቀነሰ? ደረጃውን ብቻዋን ትወርዳለች ወይስ አሁንም ክንድሽን ይዛ ነው? ልጆቹስ? ፍንጭቷ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት? ትልቁስ ጠዋት በአንድ ጥሪ መነሣት ለመደ ወይስ አሁንም ውኃ ነው የሚፈልገው? እኔ እስከዚች ሰዓት ድረስ ከነሆዴ ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁና ከፍርሃቴ በቀር የሚያመኝ ነገር የለም። ናፍቆቱን ለምጄዋለሁ፤ ያልለመድኩት ፍርሃቱን ነው።

እትዬ፣ ባለጀልባው ይህን ሲሰጥሽ ከኋላው አትፈልጊኝ። ጀልባው ላይ የለሁም። አልጋ አንጥፈሽ፣ ሐኪም ቤቱን አነጋግረሽ፣ ልጆቹን ከክፍላቸው አስወጥተሽ እንደምትጠብቂኝ አውቃለሁ። ወደቡ ላይ ቆመሽ አንገትሽን ስታሰግጊ ይታየኛል። ተቆጪኝ፣ ስደቢኝም፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቢኝ።

ዛሬ የሚነሣው ጀልባ የመጨረሻው ነው። ከዚህ በኋላ የነፋሱ ወራት ይገባል፣ ባሕሩም ይዘጋል። ስልኩ እንደሆነ ምሰሶው ከወደቀ ወዲህ ሁሉም ያየዋል እንጂ የሚያቆመው አልተገኘም። ስለዚህ ነፋሱ እስኪበርድ እኔ ካንቺ፣ አንቺም ከእኔ ምንም አንሰማም። እኔ የምወልደው በዚህ መሀል ነው።

መቼም ደሴቲቱን አላየሻትም። ባለቤቴ እናንተ ጋ ሞተር ጥገና ሊማር መጥቶ ሲያገባኝ፣ «ትንሽ ናት» ሲለኝ የትሕትና ነገር መስሎኝ ነበር። እውነቱን ነው። እዚህ አንዱ ሲያዛጋ ማዶ ያለው አፉን ይከፍታል። አንድ ሱቅ፣ አንድ ዳቦ ቤት፣ አንድ አቀበት መንገድ አለ፤ ከመንገዱ ጫፍ የእኛ ቤት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ድንጋይና ውኃ ብቻ። መጀመሪያ በመጣሁ ሰሞን ሰው ናፍቆኝ ሳለቅስ፣ በዚያው ቀን ደግሞ ከሰው የምሸሸግበት ጥግ አጥቼ አለቅስ ነበር። ሁለቱ አብረው ይኖራሉ ቢሉኝ አላምንም ነበር።

አንድ ልማድ አላቸው። ጠዋት ሁሉም ሰው ወደ ጎረቤቱ የሚያየውን መስኮት ይከፍታል። ጎረቤቱ ያንን አይቶ የራሱን ይከፍታል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ከላይ ከእኛ ቤት እስከ ታች እስከ መትከያው ድረስ ይወርዳል። ፀሐይ ወጥታ መስኮትሽ ከተዘጋ ታመሻል ወይም ሞተሻል ማለት ነው፤ በር ሳያንኳኩ ይገባሉ። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ጠዋት ፀጉሬን ልታጠብ መስኮቱን እንደዘጋሁ ብቆይ፣ ግማሹ የደሴቱ ሰው ባልዲና ብርድ ልብስ ይዞ ከች አለብኝ። ሳሙና በዓይኔ ገብቶ፣ ፎጣ ለብሼ፣ «ምን ሆናችሁ?» ስል «አንቺ ምን ሆነሽ?» አሉኝ። ባለዳቦ ቤቱ እስከ ዛሬ ሲያየኝ ይስቃል። እንዴት እንደ እሳት ላይ ወተት ይጠብቁኛል ብዬ ስንት ቀን ተንገበገብኩ መሰለሽ!

የእኛን መስኮት የሚያይ አንድ ቤት ብቻ ነው፣ የእማማ። እማማ የደሴቱ አዋላጅ ናቸው። ጢሙ የሸበተው ባለጀልባ ሳይቀር እዚህ ያለ ሰው ሁሉ በእጃቸው ስለተወለደ ማንም በስማቸው አይጠራቸውም። ቁጣቸው ያስፈራል፣ ሳቃቸው ደግሞ ከሰውነታቸው ይበልጣል። ማርገዜን ከእኔ ቀድመው ያወቁት እሳቸው ናቸው። ባሌ ገና ዜናውን ሳይሰማ «አንቺ ልጅ፣ ከእንግዲህ ባልዲ አታንሺ» ብለው ከእጄ ነጠቁኝ። ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ እናት አለኝ ያልኩት።

አሁን የሚያስፈራኝን ልንገርሽ። አንድ ጠዋት የመስኮታችን መቀርቀሪያ በጨዉ አየር ዝጎ አልከፈት አለ። ባለቤቴ ከውጭ በመዶሻ ቢታገለው፣ እኔ ከውስጥ ብገፋው ወይ ፍንክች። ፀሐይዋ ወጥታ ሞቀች። እማማ ወዲያው ከተፍ ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ማንም አልመጣም። ከሰዓት በኋላ ውኃው ጋ ሳገኛቸው ግን «ዛሬስ ጎበዝ፣ በጠዋት ነው የከፈትሽው» አሉኝ። የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ሣቅሁ። እሳቸው አልሣቁም። ያኔ ክው አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔን ከእሳቸው ላይ ማንሳት አቃተኝ። ሻይ ሲቀዱ ጣታቸውን ስኒው አፍ ላይ ያደርጋሉ፣ ሻዩ ሲነካቸው ያቆማሉ። መንገድ ላይ ሰው ሲገጥማቸው ሰላምታውን እሱ እስኪጀምር ይጠብቃሉ። ክር በመርፌ አስገቢልኝ ሲሉኝ «አንቺ እኮ የእጅ ሥራ አትችይም፣ ልመጂ» ብለው ነው። እትዬ፣ እማማ አያዩም። እኔን የሚያዋልዱኝ ሴት አያዩም።

ለማንም አልተነፈስኩም። ለምን ትዪኛለሽ። እማማ አንድ ልጅ እዚያ እናንተ አገር አላቸው፤ በየጊዜው «ልውሰድሽ» እያለ ይልካል። አንድ ቀን ስለ እሱ አንሥተን ሲያወሩኝ «እዚያ ወስዶ ወንበር ላይ ሊያስቀምጠኝ ነው፤ ማንነቴን የማያውቅ ሰው መሀል ከምቀመጥ ዓሣ ይብላኝ» ብለውኛል። ነገሩ ከታወቀ በመጀመሪያው ጀልባ ይጭናቸዋል። ደግሞስ እኔ ማን ነኝና ነው የምናገረው? መጤ ነኝ። በሰው አገር ገብቼ የሰው እናት ዓይን አያይም ብል ማን ይሰማኛል? እንዲህ እያልኩ ዝም ስል ፍርሃቱ ከሆዴ ጋር አብሮ ገፋ።

ባለፈው ሳምንት የባለዳቦ ቤቱ ሚስት ምጥ ያዛት። ጎረቤቶቿ ሁሉ እያሉ እማማ «ያችን የላይኛዋን ጥሩልኝ፣ መብራት ትያዝልኝ» ብለው አስጠሩኝ። ቀን ነው እኮ እትዬ፣ ጠራራ ፀሐይ! ግን ክፍሉ ጠባብ ነው፣ መስኮቱም ተጋርዷል። ፋኖሱን ይዤ አጠገባቸው ቆምኩ። እጃቸው ሲሠራ ብታዪ አይቸኩል፣ አይሳሳት። እኚህን ነው አያዩም ያልኩት እያልኩ ራሴን ልወቅስ ስል፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «የሚታይሽን ንገሪኝ፣ እንድትማሪ ነው» አሉኝ። የልጁ ራስ ሲወጣ «መልኩ ምን ይመስላል?» አሉኝ። ጠቁሯል፣ ሰማያዊ ነገር ሆኗል አልኳቸው። ወዲያው ጣታቸውን አንገቱ ሥር ሰደው እትብቱን ከዞረበት አላቀቁት። ጮኸ። ከዚያ «ደሟስ? ደማቅ ነው ወይስ ጠቆር ያለ? እየቆመ ነው ወይስ እየወረደ?» እያሉ ጠየቁኝ፣ እኔም መለስኩ። እናትም ልጅም ተረፉ። ውጭ ያለው ሰው ሲያመሰግናቸው እሳቸው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። እኔ ከቤቱ ኋላ ሄጄ አስመለሰኝ።

ያስመለሰኝ ደሙ አይደለም። እዚያ ክፍል ውስጥ ለእማማ ዓይን የሆንኩት እኔ ነኝ። የእኔ ተራ ሲደርስ እኔ ተኝቼ፣ አፌ በጩኸት ተከፍቶ፣ ማን ነው የሚነግራቸው? ይህ ሐሳብ እንቅልፍ ነሣኝ። በመጨረሻው ጀልባ እመጣለሁ ብዬ የላክሁብሽ በዚያው ሰሞን ነው። ባለቤቴም «ሂጂ፣ ሂጂ፣ እኅትሽ ጋ ውለጂ» ሲል ከረመ፤ የሚያባርረኝ እስኪመስለኝ ድረስ። ሻንጣዬን አዘጋጀሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ እማማ ሊሰናበቱኝ መጡ። «እስኪ ተኚ፣ ልዳስሰው» አሉ። ቀዝቃዛ እጃቸው ሆዴ ላይ ብዙ ቆየ። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁት። ከዚያም «ልጄ፣ ባሕር አትግቢ። ልጁ ወርዷል። ጀልባው የሚሄደው ከጠዋት እስከ ምሽት ነው፣ ማዕበሉ ይንጥሻል፣ ውኃ ላይ ትወልጃለሽ» አሉኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ክፉ ሐሳብ ነው። እዚያ ሄጄ ስለ ዓይናቸው እንዳልናገር ፈርተው ነው አልኩ በሆዴ። እሳቸው ደግሞ ሐሳቤን የሰሙት ያህል «ለራሴ ብዬ እንዳይመስልሽ፤ እጄ ያገኘውን ነው የምነግርሽ» ብለው ነጠላ ጫማቸውን በእግራቸው ፈልገው ወጡ። አፈርኩ፣ ጥርጣሬዬ ግን አልለቀቀኝም።

ባለቤቴ መሄድ አለብሽ ይላል። ባለጀልባው ደግሞ «ምን ችግር አለ፣ አስተኝቼ አደርስሻለሁ» ይላል፤ እሱ ወልዶ ያውቃል እንዴ! መሄጃ መቅሪያው ሲጠፋኝ ተነሥቼ ራዲዮ ጋ ወረድኩ። ራዲዮ ባለሱቋ ናት። ስሙን እኔ አላወጣሁላትም፣ ሰው ሁሉ የሚላት ነው፤ ስኳር ሳትመዝንልሽ የሦስት ቤት ወሬ ትሰፍርልሻለች። ለእሷ ምስጢር መንገር በአደባባይ መጮህ ነው። ግን ከእሷ የተሻለ ልበ ሙሉ ሴት እዚህ የለችም፤ መብራቱን የምትይዝልኝ ሰው ካስፈለገ እሷ ናት አልኩ። ለእማማ ክብር ከመጨነቅ አልፌ ለነፍሴ መጨነቅ ጀምሬ ነበር፣ ምን ልዋሽሽ።

እማማ አያዩም አልኳት። ራዲዮ ተነሥታ የሱቁን በር ዘጋች። ስትዘጋው አይቼ አላውቅም። ከዚያ ባልጠበቅኩት ቀስ ያለ ድምፅ «እናውቃለን» አለችኝ። ከካቻምና ጀምሮ ሁሉም ያውቃል። ጠዋት ጠዋት ለእግሬ እያለች ዳገቱን የምትወጣው የእኛን መስኮት በእማማ ፋንታ ለማየት ነው ለካ። መቀርቀሪያው የዛገ ቀን ባለቤቴን በመዶሻ ሲታገል አይታ ነው ሰው እንዳይመጣ ያደረገችው። በየምጡም አንዲት የምታይ ሴት መብራት ትያዝ ተብላ ትገባለች። ለእማማ ማንም አልነገራቸውም፤ እሳቸውም ለማንም አልነገሩም፤ እንዲሁ ይኖራል። «ለምን አልነገራችሁኝም?» ብላት «ለሰው ታወሪ እንደሆነ እስክናይ ነው» አለችኝ። ይህንን የምትለኝ ራዲዮ ናት!

እትዬ፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ተሰማኝ። መጤ አለመሆኔን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ደሴቱ ሁሉ የሚያውቀውን እኔም አወቅሁ፣ ብቻዬን ይዤው የነበረው ሸክም የሁሉም ሆነ። በዚያው ቅጽበት ደግሞ ላቤ በጀርባዬ ወረደ። ይህ ሁሉ ሰው እያወቀ፣ ሆዴ ሲገፋ እያየ፣ «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» እያለኝ ዝም ብሏል። ባሌም እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው፣ ያውቃል። ማታ ማታ ሆዴ ላይ ጆሮውን የሚጥለው ሰው ያውቃል! ለራዲዮ ጮህኩባት። «ብቻዬን ከእሳቸው ጋር ብትተዉኝስ ኖሮ?» አልኳት። «ማን ይተውሻል? እኔ ነኝ መብራቱን የምይዝልሽ» አለችኝ።

ልቤ ትንሽ ሲመለስ፣ ጀልባው ይሻላል ወይስ የእማማ እጅ ብዬ ጠየቅኋት። ሚዛኑን ስትነካ፣ ስታስተካክል ቆየችና «ከእጃቸው አንድ ልጅ ብቻ ነው ያመለጠው። ያኔ ደግሞ ዓይናቸው ደህና ነበር» አለች። የማን ልጅ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ራዲዮ ልጅ የላትም።

ቤት ገብቼ ባሌን ታውቅ ነበር ወይ አልኩት። ግራሶ የጠገቡ እጆቹን እያየ «መናገር አልችልም ነበር፤ ለዚህ ነው ሂጂ ሂጂ ያልኩሽ» አለኝ። ልቆጣው ብዬ ተውኩት። ተናግሮ ቢሆን እማማን አሳልፎ ይሰጣል፤ ዝም ብሎ እኔን። ምን እንዲያደርግ ነው የምፈልገው? ተቃቅፈን ተላቀስን። እሱ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፣ ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ።

ዛሬ ጠዋት ሻንጣዬን ይዞ ወደ መትከያው ወረደ። እኔ ተከተልኩት። ጀልባው ገመዱ ላይ ሲዘል፣ ጎኑ ከግንቡ ጋር ሲጋጭ አየሁ። ከዚያ ወዲያ ውኃው ጥቁር ነው። እዚያ መሀል ምጥ ቢይዘኝ ያለኝ አንድ ባለጀልባና አንድ ባል ነው፤ ሁለቱም ከሞተር በቀር አያውቁም። እዚህ ብቀር ያለኝ የማያዩ ሁለት እጆችና መብራት የምትይዝ አንዲት ወሬኛ ናቸው። የትኛውም አላማረኝም። እማማ ትክክል ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም፤ እጅ ይሳሳታል፣ ዓይንም ይሳሳታል። ግን ውኃው ላይ ብቻዬን ነኝ። እግሬ እምቢ አለኝ። ባሌ ሻንጣውን ይዞ ዳገቱን ተመልሶ ወጣ። እኔ የባለጀልባው ሳጥን ላይ ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ፤ እሱ ሰዓቱን እያየ ያጉረመርማል። ወገቤን እየቆረጠኝ ነው። ከመቀመጤ ይሆናል እላለሁ።

እፈራለሁ እትዬ። ላንቺ ካልተናገርኩ ለማን እናገራለሁ። ሰው እንዳይሆን አድርጎ ይፈራል ሲሉ እሰማ ነበር፤ እንዲህ ነው ለካ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። ከወደቡ ስትመለሺ እማዬ በር ላይ ትጠብቅሻለች። ብቻሽን ስታይሽ ልቧ ቀጥ ይላል። አልመጣችም አትበያት። ወልዳለች በያት። ቀኑ ቀድሞ በሰላም ተገላግላለች፣ አራስ ስለሆነች ባሕር አትገባም በያት። ሴት ናት በያት፣ ሴት እንደምትፈልግ ታውቂያለሽ። ማንን ትመስላለች ካለችሽ አንቺን በያት፣ ትንሽ ትቆጣና ደስ ይላታል። ማን አዋለዳት ስትልሽ፣ ዓይኗ ስለት የሆነ፣ ምንም የማያመልጣት አዋላጅ በያት። ነፋሱ እስኪበርድ እማዬ ደስ ብሏት ትክረም። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ጀልባ የሚያመጣውን ያኔ እናየዋለን።

ጋሼን እጅ ነሥቻለሁ፤ መድኃኒቱን ይጠጡ። ትልቁን ጆሮውን ጎትተሽ ሳሚልኝ። ፍንጭቷን የወለቀ ጥርሷ ላይ ሳሚልኝ፤ አክስትሽ አልረሳሽም በያት። የለቀቅሽልኝን ክፍል ለልጆቹ መልሺላቸው፣ አልጋውን ግን አታፍርሺው። አንቺን እኔ ራሴ እስክስምሽ ድረስ ማንም አይስምሽ።

እማዬን፣ የልጅ ልጅሽ ጉልበትሽን ትስማለች በያት።

ታናሽ እኅትሽ

ከደሴቲቱ፣ ከመትከያው ላይ፤ የመጨረሻው ጀልባ በሚነሣበት ቀን፣ ረፋድ ላይ።